ላልለካሁት ቱቦ ፈርም ተባልኩ፦ ለአንድ ወር ሥራ ባሕር ዳር የመጣ ኢንስፔክተር ጥያቄና የደረሱት መልሶች

ጥያቄው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከድሬዳዋ ነኝ፤ ባሕር ዳር ከገባሁ ዛሬ 26 ቀኔ ነው። ሥራዬ የብየዳና የብረት ውፍረት ምርመራ ነው። ቋሚ ቀጣሪ የለኝም፤ ፋብሪካ ለጥገና ሲቆም እጠራለሁ፣ እለካለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ፈርሜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ሞጆም ኮምቦልቻም ሐዋሳም በዚሁ መንገድ ሠርቻለሁ። ጣና ዳር ስመጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የተጠራሁት ለአንድ ቦይለር፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ለሚሠራ ምድጃ ነው። የፋብሪካውንም የቀጠረኝንም ድርጅት ስም አልጽፍም፤ አትጠይቁኝ። ስምምነታችን በስልክ ነበር። ትኬት በእነሱ፣ ማደሪያና ውሎ አበል በእነሱ፣ ክፍያው በሠራሁት ቀን ልክ። ስደርስ ቦይለሩ ገና እየሠራ ነበር። ዛሬ ይቆማል፣ ነገ ይቆማል ሲባል 17 ቀን አለፈ። ጠዋት መሣሪያዬን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ጥበቃው ገና መሆኑን ይነግረኛል፤ ተመልሼ የሐይቁን ዳር ይዤ እሄዳለሁ። ከጊዮርጊስ ጀርባ ያሉትን ሾላዎች በቁጥር አውቃቸዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ፣ 380 ሜትሩን፣ ስንት ጊዜ በእግሬ እንደተመላለስኩበት አላውቅም። ማታ ልጄ ደውላ የምመጣበትን ቀን ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ።

በ18ኛው ቀን ቦይለሩ ቆመ። ከቆመ በኋላ ደግሞ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ሆነ። ብረቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ግባና ለካ ተባልኩ። ቱቦዎቹ 48 ናቸው፤ ሲገጠሙ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር ነበር። ከደረስኩባቸው 34ቱ አብዛኞቹ 3.5 አካባቢ ናቸው፤ የታችኛው መታጠፊያ ላይ ግን እስከ 2.7 የወረዱ አሉ። የቀሩት 14ቱ ከእሳት ጡቡ ግድግዳ ኋላ ስለሆኑ ጡቡ ካልፈረሰ ፕሮቡ፣ ውፍረቱን በድምፅ ሞገድ የሚለካው የመሣሪያዬ ጫፍ፣ አይደርስባቸውም። ግድግዳው ይፍረስልኝ ብል 3 ቀን ይፈጃል ተባልኩ። የጥገናው ኃላፊ ያለፈውን ዓመት ወረቀት አምጥቶ የ14ቱን ቁጥር ከዚያ ገልብጬ እንድፈርም ጠየቀኝ። ፊርማው ከሌለ የመጨረሻው ክፍያ የለም፤ የመመለሻ ትኬቱም የለም።

እንደማልፈርም አውቃለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከቤቱ የራቀ፣ ኪሱ የሳሳ፣ ብቻውን የቆመ ሰው አልፈርምም ብሎ እንዴት በሰላም ይወጣል? ደጅ የጠናሁባቸው 17 ቀናትስ ይከፈሉኛል?

መልሶቹ

ጥያቄውን ከለጠፍኩ 4 ቀን ሆነው። የመጡት መልሶች 27 ናቸው፤ እንደ ቅደም ተከተላቸው፣ አንዳንዱን በአጭሩ፣ አንዳንዱን ደግሞ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ። ኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ለማንበብ እንዳይደክም ብዬ ነው።

1. የመጀመሪያው የነዳጅ ታንከር መርማሪ የሆነ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ መፈረምና አለመፈረም ብቻ አማራጭ እንዳልሆኑ አስረዳኝ። የለካኋቸውን 34 ቱቦዎች መዝግቤ በእነሱ ላይ እንድፈርም፣ በ14ቱ ረድፍ ላይ ባዶ ቦታ ሳልተው አልተለካም፣ በጡብ ተሸፍኗል ብዬ እንድጽፍ፣ ግድግዳውንም ፎቶ አንስቼ ለሪፖርቱ አባሪ እንዳደርገው መከረኝ። ባዶ የተተወ ሳጥን ሌላ እጅ ይሞላዋል፤ የተጻፈበትን ግን ለመለወጥ መሰረዝ ያስፈልጋል፣ ስርዙም ይታያል። ይህችን ነገር 9 ዓመት ስሠራ ያስተማረኝ አልነበረም።

2. ሁለተኛው የከተማው ልጅ ነው፤ እንግዳ ተቀባይነቱ ከጽሑፉ ያስታውቃል። ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ተዘግቼ ወረቀት እያየሁ እንዳልብሰለሰል፣ አጎበር ሳልዘረጋም እንዳልተኛ አሳሰበኝ። የሐይቁን ወባ ቀላል አድርጌ እንዳላየው ነግሮኝ በሰላም ያግባህ ብሎ ተሰናበተ።

3. ይህኛው ስለ ገንዘቡ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ጠቅሶ፣ ውል በጽሑፍ ባይሆንም ውል መሆኑን፣ በቃል የቀጠረ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ቢያጣ ደመወዙ እንደማይቀርበት ጻፈ። በዚያ ላይ በጥድፊያው ቀናት ያመሸሁበትን እንዳሰላ ነገረኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ሲያነቡት ልብ ይሞላል።

4. አራተኛው ግን ልቤን መልሶ አወረደው። ሦስተኛው ሰው ያልተጠየቀውን መመለሱን በቁጣ ተናግሮ፣ አዋጁ የሚሠራው ለሠራተኛ እንጂ በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ኃላፊነት ሥራ ተቀብሎ ለሚያስረክብ ሰው እንዳልሆነ ጻፈ። እኔን ተቋራጭ ናቸው ቢሉኝ ያ ሁሉ ማባዣ ዋጋ የለውም። ተስፋ በሐሰት መስጠት ከመጉዳት አይለይም ብሎ ሦስተኛውን ወረፈው። ቃሉ ከረረ እንጂ ነጥቡ ትክክል ነበር።

5. ከዚህ በኋላ የጻፉት በአነጋገራቸው አዛውንት የሆኑ የቀድሞ የቦይለር ኦፕሬተር ናቸው፤ እኔም እንደ አባት ነው ያነበብኳቸው። ስለ ፊርማውም ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል አልጻፉም። የጠየቁኝ፣ ወደ እሳት ክፍሉ ስገባ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀኝ ማን እንደነበር ነው። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ቀን ብቻዬን ገብቻለሁ፤ አየሩንም የለካ የለም። እሳቸው ከመግባት በፊት ኦክስጅኑ እንደሚለካ፣ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ እግር እንደማይነሳ፣ በሩ ላይም ስሜን እየጠራ የሚያናግረኝ ሰው ሊኖር እንደሚገባ፣ የውሃና የእንፋሎት መስመሮቹ ተዘግተው ቁልፉ በኪሴ መሆን እንዳለበት አንድ በአንድ ዘረዘሩ። አብሯቸው ይሠራ የነበረ ሰው ታንክ ውስጥ ወድቆ፣ ሊያወጣው የገባውም ሁለተኛ ሰው አብሮ መቅረቱን በሁለት መስመር ጽፈው አለፉ።

በዚያው መልሳቸው ስለ ከተማዋም አጫወቱን። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የቆመው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. አካባቢ ተከታትለው ሲመጡ ባሕር ዳር ትንሽ መንደር እንደነበረች፣ ለሥራ ከሩቅ የመጣ ሰው ያኔም እንደ እኔ ሐይቁ ዳር ቆሞ አገሩን ይናፍቅ እንደነበር ነገሩን። እሳቸውም መጤ ነበሩ፤ ለ6 ወር መጥተው ቀሩ።

6. ሦስተኛው ሰው ተመለሰ። የአራተኛውን ግማሽ ተቀበለ፤ ግማሹን አልተቀበለም። የምገባበትንና የምወጣበትን ሰዓት የወሰነው ማን ነው? በየጠዋቱ በር ላይ እንድገኝ ያዘዘኝ ማን ነው? እነሱ ከሆኑ ተቋራጭ የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም ብሎ ሞገተ። በሩ ላይ የተገኘሁባቸውን ቀናት በማስረጃ እንድይዝም መከረኝ። ጥበቃው የገቢ መዝገብ ላይ በየቀኑ ስሜን ይጽፍ ነበርና በማግስቱ ሄጄ ገጾቹን ፎቶ አነሳሁ።

7. ሰባተኛው ስለ መለኪያው ጠየቀ። ብረቱ ሳይቀዘቅዝ መለካቴ አሳስቦታል። ተራ ፕሮብ ከ50 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍ እንደሚበላሽ፣ ብረት ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ የሚሄድበት ፍጥነት ስለሚቀንስ መሣሪያው ውፍረቱን አብዝቶ እንደሚያሳይ፣ ይህም በየ55 ዲግሪው 1 በመቶ ገደማ መሆኑን ጻፈ። በእኔ 2.7 ላይ ሲሰላ ከመቶኛ ሚሊ ሜትሮች አይዘልም፤ እሱም ይህን አላጋነነውም። የበለጠ የሚያስፈራው ቀለም ነው አለ። በብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 5,900 ሜትር ገደማ ሲሄድ በቀለም ውስጥ ከዚያ ከግማሽም በታች ነው፤ ስለዚህ 0.4 ሚሊ ሜትር ቀለም በመሣሪያው ላይ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብረት መስሎ ሊታይ ይችላል።

8. ስምንተኛው ወዲያው አረመው። እሳት የሚልሰው ቱቦ ላይ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጥቀርሻና ከብረቱ ላይ የተጋገረ ዝገት ነው። ጥቀርሻው ድምፁን ስለማያሳልፍ ልኬት ይከለክላል እንጂ አያሳስትም፤ ጠብቆ የተጣበቀው ዝገት ግን ከብረቱ ጋር ተደምሮ ይነበባል። እኔ በግራይንደር እስኪያበራ ድረስ ፍቄ ነው የለካሁት። ያለፈው ዓመት ሰውዬ ፍቆ ነበር ወይ? ወረቀቱ ላይ ስለዚህ የተጻፈ አልነበረም።

9. ነገሩን ሁሉ የለወጠው ይህ መልስ ነው፤ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። የጻፈችው ኮምቦልቻ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር የምትሠራ እህት ናት። ያለፈው ዓመት የ14ቱ ቁጥሮች ከካቻምናዎቹ ይለያዩ እንደሆነ እንድመለከት ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ፋይሉን ጠየቅኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ሳታንገራግር ሰጠችኝ። የ3 ዓመት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ከጡቡ ውጭ ያሉት ቱቦዎች በየዓመቱ በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ይቀንሳሉ፤ እንደ ሕያው ነገር ይለዋወጣሉ። ከጡቡ ኋላ ያሉት 14ቱ ግን በሦስቱም ዓመት 3.6 ናቸው፤ ሁሉም፣ ያለ ልዩነት። እሳት 34ቱን በልቶ 14ቱን የሚምርበት ምክንያት የለም። ማንም አልለካቸውም። ከእኔ በፊት የመጣው ከቀደመው፣ እሱም ከቀደመው ገልብጧል። ምናልባት እነሱም ትኬት ይጠብቁ ነበር። ያን ወረቀት ይዤ ኮሪደሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ከ10 እስከ 14 ያሉት ስለ ሐይቁ ነው የተወያዩት። አንዱ ጥሩ ቀረሶ የት እንደሚጠበስ ሊነግረኝ ገብቶ፣ ሌላው አምባዛ ይሻላል አለ፤ ሦስተኛው ዓሣው እያነሰና እየደቀቀ መሄዱን አነሳ። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዞቹ ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ካለ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ይተርፋል ብሎ አዘነ። እምቦጭም ተነሳ። አሥራ አራተኛው በጣና በለስ ግንባታ ላይ በጊዜያዊነት የኮንክሪት ናሙና ይሰብር የነበረ ሰው ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ያ ጣቢያ የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሬት ውስጥ ዋሻ እንደሚወስድ አስታውሶ፣ ዋሻው ውስጥ ሲውል የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ይጠፋበት እንደነበር፣ በስንተኛው ቀን ወደ ቤት እንደሚመለስ ለማወቅ ግን በኪሱ ጠጠር ይቆጥር እንደነበር ጻፈ። ከርዕሱ ወጥተዋል ብዬ ላስቆማቸው አልፈለግኩም፤ ያን ማታ ደግሜ ያነበብኩት የእሱን ነው።

15ኛው ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቦይለሩ በውሃ ተሞልቶ በግፊት የሚፈተንበት ቁጥር ሊስተካከል ይገባል አለ፤ 16ኛው የግፊት መለኪያው (ጌጁ) የሚያነበው ከውጩ አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ የከፍታው ነገር ደግሞ ከ0.2 ባር ብዙ ስለማይበልጥ በዚህ ራስን ማድከም እንደማያስፈልግ መለሰ። ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱን አንስተውም ጥቂት ተከራከሩ። አለፍኩት።

17. አሥራ ሰባተኛው ሰላምታ የለውም። ስታለቅስ አየንህ አለኝ በአጭሩ። እኔ ባልፈርም ነገ ሌላ ሰው በግማሽ ዋጋ እንደሚፈርም፣ የሦስት ልጆች አባት በዚህ ኑሮ ውድነት የክብር ንግግር እንደማያበላው፣ እዚህ ተሰብስበው አትፈርም የሚሉኝ ሰዎች በሙሉ ከቤታቸው ሆነው እንደሚጽፉ ተናገረ። በመጨረሻም ከ16ቱ መካሪዎች ለዚህ ሰው የመመለሻ ትኬት የሚቆርጥለት ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

18ኛው ሰድቦ መለሰለት፤ ስድቡን አልደግመውም። 19ኛው የሞተ ሰው ቤተሰብ ይጠይቅህ አለው። 20ኛው ሁለቱንም ተቆጣ። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ አሥራ ሰባተኛው አላስቀየመኝም። የተናገረው እኔ በየምሽቱ ጣሪያ እያየሁ ለራሴ የምለውን ነው። እንደኔ ዓይነቱን ጊዜያዊ ሠራተኛ በውሸት የሚያስፈርመው ብዙ ጊዜ ድንቁርና ሳይሆን የመመለሻ መሳፈሪያ ማጣት ነው። ይህን ፊት ለፊት ያነሳው እሱ ብቻ ነበር።

21. ቀጥላ የጻፈችው የመርማሪ ባለቤት ናት። ባሏ እንደ እኔ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይዞራል፤ ትንሹ ልጃቸው አባቱ በመጣ ቁጥር እንደ እንግዳ ተሸኮርምሞ ከበር ኋላ ይደበቃል። ከዚያ በኋላ በቤታቸው አንድ ሥርዓት አወጡ፦ የመመለሻው ትኬት በእጁ ካልሆነ፣ ወይም የትኬቱ ገንዘብ እሷ ጋ ካልተቀመጠ ከቤት አይወጣም። ያን ገንዘብ ልጅ ቢታመም እንኳ ከጎረቤት ተበድራ እንጂ አትነካውም። ለአሥራ ሰባተኛው ጥያቄ መልሱ ይህ መሆኑን፣ ትኬቱን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ከሆነ ብዕሩንም የያዘው ያው ሰው መሆኑን በትሕትና ነገረችው። እኔ ወደዚህ ስመጣ ያን አላደረግኩም። ከእንግዲህ ግን አደርገዋለሁ።

22ኛው ጎንደር የሚኖር፣ የማላውቀው ሰው ነው፤ ትኬቱን ሊያበድረኝ እንደሚችል በግል ጻፈልኝና እዚህም አሳወቀ። አልተቀበልኩትም፤ ግን ያ ቃል ኪሴ ውስጥ እንዳለ ገንዘብ ነው የቆጠርኩት። በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ስገባ ጉልበቴ አልተንቀጠቀጠም።

23. ይህኛው በጨረራ ፎቶ የሚሠራ ነው። አስቀድሜ እንዳልሳሳት ብሎ፣ ኢሪዲየም የሚባለውን የጨረር ምንጭ ይዞ መጥቶ ማንሳት እዚያ ቦታ እንደማይሆን፣ ፊልም ከቱቦው ኋላ የሚቀመጥበት ክፍተት እንደሌለ አስረዳ። ቀጥሎ ግን ለምን ግድግዳውን በሙሉ ታፈርሳለህ አለኝ። 2.7 ያገኘሁት የታችኛው መታጠፊያ ላይ ከሆነ፣ ከጡቡም ኋላ ያው መታጠፊያ ነው የሚጎዳው፤ እዚያው ከፍታ ላይ አራት ቱቦ የሚያሳይ መስኮት ቢከፈት ይበቃል።

24. እሱን የደገፈው የእሳት ጡብ ግንበኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር። መስኮቱ በአንድ ቀን ተከፍቶ ሊገነባ እንደሚችል፣ ጡቦቹ እንዳይሰበሩ ከላይኛው ረድፍ መጀመር እንዳለበት፣ ሲዘጋ ግን ጭቃው ሳይደርቅ እሳት ከተለኮሰ እንደሚሰነጣጠቅ፣ ሙቀቱም ቀስ እያለ መጨመር እንዳለበት ጻፈ። ከሁሉም መልስ በተግባር የተጠቀምኩበት ይህ ነው።

25ኛው የፋብሪካውን ስም እንድናገር ወጥሮ ያዘኝ፤ ሕዝብ ማወቅ አለበት ባይ ነው። 26ኛው ሪፖርቱ ገና ሳያልቅ፣ እኔም እዚያው እያለሁ ስም መጥራት በሩን ከማዘጋት ሌላ ጥቅም እንደሌለው መለሰለት። ከ26ኛው ጋር ነኝ።

27. የመጨረሻው 5ኛው፣ አዛውንቱ ናቸው። ደግመው የመጡት አንድ ነገር ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ አሁን ስገባ በሩ ላይ ማን እንደሚቆም። የቦይለሩ ረዳት፣ የሽምብጥ ሰፈር ልጅ፣ ከመግባቴ እስክወጣ በሩ ላይ እየቆመ ስሜን እንደሚጠራ ነገርኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት የሦስቱን ዓመት ወረቀት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ 3.6ቶቹን በጣቴ አሳየሁት። አልተጨቃጨቅንም። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና የግድግዳው መስኮት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ፍቄ የለካሁት የመጀመሪያው ቱቦ 2.4 ነው፤ ሁለተኛው 2.5። ኃላፊው ቱታ ለብሶ ገባ፤ ፕሮቡን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። ግድግዳው ከነገ ጀምሮ በሙሉ እንዲፈርስ ታዟል፤ እኔም እስኪያልቅ እቆያለሁ። የመመለሻ ትኬቴ ማምሻውን በስልኬ ደርሶኛል። ስለ 17ቱ ቀናት ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም፤ የመዝገቡን ፎቶ አያይዤ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።